አዲሱን ተወው፣ የተቀደደውን ላክ

ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድህ የወንድሜ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ፤ ከስፌት መኪናዬና ከወገቤ ጋር እየተነታረኩ ነው የምውለው። ይሄን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ግን በስልክ አንተም "ደህና ነኝ"፣ እኔም "ደህና ነኝ" ብለን እንዘጋዋለን፤ ከዚያ ምንም ሳንባባል ወር ያልፋል። ወረቀት ላይ ሰው ትንሽ ያስባል።

የላክኸው ካርቶን ደርሷል፣ እጅህ ይባረክ። ሸሚዙም ሹራቡም እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ላስቲኩ ደግሞ በሌላ ላስቲክ ውስጥ ነው። ስፈታው ውዬ ሳበቃ የላስቲኩ ክምር ከልብሱ በለጠ። አሁን የምነግርህን ስትሰማ አትቀየመኝ፤ ከእንግዲህ ልብስ አትላክልኝ።

ምክንያቱን ስማ። ባለፈው ክረምት ከቤታችን ጀርባ ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ ተደፍኖ ጎርፉ የስፌት ክፍሌ ገባ። የደንበኛ ጨርቅ ታቅፌ አልጋ ላይ ቆሜ ነው ያተረፍኩት። ውሃው ሲጎድል ጎረቤቱ ሁሉ አካፋና ባልዲ ይዞ ወጣ። ከቦዩ የወጣው አፈር እንዳይመስልህ፤ ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና ጨርቅ ነው። ከጨርቁ አንዱን በዱላ ሳነሳው አወቅኩት። አምና የላክኸው ባለ መስመር ሸሚዝ ነው። ለጎረቤታችን ለሾፌሩ ሰጥቼው ነበር፤ ሁለቴ ሲታጠብ ብብቱ ተተረተረ፣ ሲተረተርበት ጣለው። ቦዩን ከደፈኑት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ ማለት ነው። በቁሜ አፈርኩ።

ስለዚህ ቤቴን በሕግ ማስተዳደር ጀምሬያለሁ። ፌስታል ደጄን አይረግጥም። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት እየሰፋሁ ለአትክልት ሻጯ እሰጣታለሁ፤ እሷም "ነገ መልሱልኝ" እያለች ለገዢዎቿ ታውሳለች። የልብስ እጣቢው ደጃፌ ያለውን ዛፍ ያጠጣል። ይሄን ደብዳቤም የጻፍኩት፣ እንደምታየው፣ ባለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ነው። ወረቀቱ ሰፊ ስለሆነ ፊደሌም ሰፋ ብሏል።

ካልላክሁ አይሆንልኝም ካልክ አንድ ነገር ላክ፤ የራስህን የተቀደደ ልብስ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንተ እኔ ቤት አድገህ መርፌ ላይ ክር ከማስገባት በቀር ምንም ሳትማር ነው የሄድከው፤ ቀዳዳ ባየህ ቁጥር ጥለህ እንደምትገዛ አውቃለሁ። አትጣል። ጠግኜ እመልስልሃለሁ።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

አክስትህ

ኅዳር 20 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ከፋኝ። እዚህ ሆኜ ለእርስዎ የማደርገው ነገር ቢኖር ያ ካርቶን ነው። ከየሱቁ እየለቃቀምኩ ስሞላው ቤት ደርሼ የተመለስኩ ያህል ይሰማኛል። "አትላክ" ሲሉኝ "አትምጣ" ያሉኝ መሰለኝ።

ነገሩ ስለ አካባቢ ከሆነ ደግሞ እኛም እዚህ አልተኛንም። ቆሻሻ የምንጥለው ለይተን ነው፤ ወረቀት ለብቻ፣ ጠርሙስ ለብቻ፣ የምግብ ትራፊ ለብቻ። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት ከፖስታ ቤት በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ የቆሻሻ በርሜሎቹ ዘበኛ አድርገው ራሳቸውን ሾመዋል። አንድ ቀን ጠርሙስ ከወረቀት ጋር ጥዬ ገባሁ። በሬ ሲንኳኳ ብከፍት ጠርሙሴን አጥበው ይዘውልኝ ቆመዋል። "ተሳስተህ ነው መሰለኝ" አሉኝ፣ በትህትና። ከዚያ ወዲህ በርሜሉ ጋ ስደርስ ፈተና የምቀመጥ ነው የሚመስለኝ።

እኔም በበኩሌ ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው። ሊፍት ትቼ በደረጃ እወጣለሁ። ማሞቂያ አላበራም፣ ሹራብ ደርቤ እቀመጣለሁ። ምሳዬን ከቤት ይዤ እሄዳለሁ። ለምድራችን ጥሩ ነው ይላሉ። ሥራውም ደህና ነው፤ እንደሚያውቁት ቢሮ ተቀምጬ የሕንፃ ፕላን ስለምስል ልብሴ አይቀደድም።

የተቀደደ ላክ ያሉትን ይተዉት። እራፊ አገር አቋርጦ ሲመላለስ ምኑ ነው ለምድር የሚጠቅመው? ሰውስ ምን ይለኛል? ይልቅ ለስፌት መኪናዎ ሞተር ልላክልዎትና እግርዎ ከመርገጥ ይረፍ።

እጅ እነሳለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 18 ቀን

ለልጄ፣ ለካርቶኑ ጌታ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። መክፋትህ ገብቶኛል። ደብዳቤውን ከላክሁ በኋላ እኔንም ሲቆጨኝ ሰነበተ፣ ቃሌን ግን አላጥፍም። አትምጣ አላልኩህም። አንተ ከካርቶን ትበልጥብኛለህ፤ ይሄ የሚጠፋህ አልመሰለኝም ነበር።

ታች ያሉትን ሴትዮ ወደድኳቸው። እዚህ ቢሆኑ የቦዩ ሹም አደርጋቸው ነበር። ሰላም በልልኝ።

ሞተሩ ይቅርብኝ። እግሬ ሲረግጥ ቆጣሪ አይቆጥርበትም፣ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይፈታም። እንዲያውም ከመብራት ጋር ተጣልተናል፤ አሁን የምሰፋው በቀን ብርሃን ብቻ፣ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ፀሐይ ስትዞር ወንበሬን ይዤ አብሬያት እዞራለሁ። ሾፌሩ "የሱፍ አበባ ሆኑ እኮ" እያለ ይስቅብኛል። ክርም መግዛት ትቻለሁ፤ በየሳጥኑ የተራረፈውን እየጨረስኩ ስለሆነ ቀለም አላማርጥም።

እራፊው አገር ስለማቋረጡ ያልከው እውነት ነው፣ ፖስታ ቤት አትሂድ። ግን መንገደኛ ለመምጣቱ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ያንተን ሱሪ ብሎ አይነሳም። ከሻንጣው ጥግ ሸጎጥ ይበልልህ። ሰው ምን ይላል ላልከው፣ "አክስቱ ሰፊ ናት" ይላል፣ ሌላ ምን ይላል? በል ጨርቄን ማቄን አትበለኝ። ላክ።

እደግልኝ።

አክስትህ

የካቲት 25 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ከጤናዬ ደህና ነኝ።

ይኸው አሸነፉኝ። አንድ ሰማያዊ ሱሪ ልኬያለሁ። የቤት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴን ሳጸዳ የምለብሳት። መንገደኛው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቤተሰብ ጠይቆ ሲመለስ ይዞልኝ ይመጣል። ብዙ አይጠይቁት፣ ዝምተኛ ነው።

የወንድምዎ ልጅ

መጋቢት 22 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን አለህልኝ? ሱሪህ ተጠግና ይኸው ተመልሳለች። መንገደኛህን ምንም አልጠየቅሁትም፤ ምሳ አበላሁት፣ በላ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። እውነትም ዝምተኛ ነው። መዳፉ ግን ሻካራ ነው፤ ፕላን የሚስል ሰው እጁ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሁለቱም ጉልበቶች አልቀው ብርሃን ያሳልፉ ነበር። ከላይ ደርቤ ጣፍኳቸው፣ ከመሃል ደግሞ ካረጀ ብርድ ልብስ የቆረጥኩትን እንደ ትንሽ ትራስ አስገባሁበት። በቀኙ ኪስ ስፌት ውስጥ ነጭ ዱቄት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ስፌቱን ፈትቼ ፈልፍዬ አወጣሁትና መልሼ ሰፋሁት። እዚህ ለሰው ቤት ሴራሚክ ሲነጠፍ የሚቦካውን ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚለበስ ሱሪ እንዲህ ያልቃል ወይ ብዬ ልጠይቅህ ነበር፣ ተውኩት። ቤትህ መቼም በጣም ንጹሕ መሆን አለበት።

በዚህ በኩል ነገሩ ደህና ነው። ሾፌሩ ራሱ የተቀደደውን ይዞልኝ መምጣት ጀምሯል። የሚሆነውን እጠግናለሁ፣ የማይሆነውን ቆርጬ የወለል መወልወያ አደርገዋለሁ። ቦዩንም ከጎረቤት ጋር ተራ ገብተን እንጠርጋለን። አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፤ ሰው ያስጠገነውን ልብስ እንደ ዋዛ አይጥልም። እጅ ነክቶታል፣ ተጠብቦበታል፤ መጣል ይከብደዋል።

ስፌቱን ብዙ አትመርምርብኝ፣ ክሩ የተራረፈ ነው ብዬሃለሁ። ሌላም ካለህ ላክ።

አክስትህ

ግንቦት 3 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ከረሙ? እጅዎ አይድከም። ሱሪዋን ለበስኳት፤ ጉልበቷ ላይ ያስገቡት ነገር እንዴት እንደተመቸኝ አይጠይቁኝ። ቤት ሳጸዳ ማለቴ ነው።

የቀኙ ኪስ ግን ተሰፍቶ ተዘግቷል፤ እጄን ብሰድ አልገባ አለኝ። "ኪስህን ዝጋ፣ አትግዛ" ማለትዎ ነው ብዬ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ታች ላሉት ሴትዮ አሳየኋቸው። የጉልበቱን ስፌት በጣታቸው ዳበሱና "ይሄን የሠራው ሰው ይወድሃል" አሉኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሆዴ ባባ። እሳቸውም የተቃጠለ አምፖል ካልሲ ውስጥ ከትተው ቀዳዳውን በመርፌ መጥቀም አስተማሩኝ። ካልሲዎቼን ራሴ ጠግኛለሁ። ስፌቱ ያስቃል፣ ግን ጫማ ውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል?

በደረጃ መውጣቱን ትቼ በሊፍት ጀምሬያለሁ፣ አይቆጡኝ። ሰው አንዳንዴ ይደክመዋል። ሌላ ሱሪ በባልደረባዬ እኅት እጅ ልኬያለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

ሰኔ 9 ቀን

ለልጄ፣

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ያንተን ያወጣው ሱሪህ ነው።

የመጀመሪያዋ ሱሪ ሁለቱም ጉልበቷ እኩል ነበር ያለቀው። የአሁኗ የቀኙ ተበጣጥሷል፣ የግራው ከሱቅ እንደወጣ ነው። በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ ሲሠራ የኖረ ሰው በአንዱ ብቻ የሚንበረከከው ሌላው ሲያመው ነው። ደረጃውንም ትተሃል። ከእንግዲህ "ደህና ነኝ" ብለህ ብትጽፍልኝ አላምንህም።

ፕላን አትስልም። ወለል ታነጥፋለህ። ያፈርከው በዚህ ከሆነ ተሳስተሃል። እኔ አንተን ያሳደግኩት ወንበር ላይ ጎብጬ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነው፤ ከየትኛው ቤተ መንግሥት ወጥተህ ነው ወለል የሚያሳፍርህ? ያዘንኩት በሥራህ አይደለም። ብቻህን መታመምህ ነው ያሳዘነኝ። አንተ በአንድ ጉልበትህ ስትሠራ እኔ ስለ ፌስታል ስጽፍልህ ከረምኩ። ጎረቤታችን አናጢውም "ይተወኛል፣ ይተወኛል" ሲል ኖሮ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ደጅ አይወጣም። እግርህን እንዳታጣ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ፍርዴን ስማ። ሁለተኛዋ ሱሪህ እኔ ዘንድ ታስራለች። "ሐኪም ጉልበቴን አየው" ብለህ እስክትጽፍልኝ ድረስ አትፈታም። በእልህ አዲስ እንዳትገዛ፣ አውቅሃለሁ። እልህ ጉልበት አያድንም።

ይማርህ ልጄ።

አክስትህ

ነሐሴ 14 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ደብዳቤዎን ይዤ ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጉልበቴ ውሃ ቋጥሯል። ቀድተው አወጡልኝ፣ አሰሩልኝ፣ እንዳልንበረከክ ከለከሉኝ። ሐኪሙ "ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው" አለኝ። አለቃዬ ሴራሚክ ወደሚቆረጥበት ጠረጴዛ አዛውሮኛል፣ ቆሜ ነው የምሠራው። እንግዲህ ሱሪዬን ይፍቱልኝ።

አዎ፣ ወለል አነጥፋለሁ። ፕላን የሳልኩት እንደመጣሁ ጥቂት ጊዜ ነበር፤ ድርጅቱ ተዘጋ። በእግሬ የምሄደውና ማሞቂያ የማላበራውም ለምድር ብዬ አልነበረም፣ አልበቃ እያለኝ ነው። "ለምድር ነው" ሲሉት ክብር አለው፣ "የለኝም" ከማለት ይሻላል። የሚገርመኝ ግን አሁን ትንሽ ሲሻለኝም አላበራውም። ምሳዬን ቋጥሬ መሄዱንም ወድጄዋለሁ። ሰው ቸግሮት የጀመረውን ነገር ፈልጎ ሊቀጥለው ይችላል ለካ።

አሁን ደግሞ ተራው የእርስዎ ነው። እኔን በሱሪዬ ካነበቡኝ እኔም በስፌትዎ አንብቤዎታለሁ። ቤት በዋልኩባቸው ቀናት ሱሪዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየኋት። ሰማያዊ ሱሪ በአረንጓዴ ክር ተጥፏል። የቀኙ ጉልበት ስፌት ቀጥ ያለ ነው፤ የግራው መንገዱን ስቶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ስቷል። ኪሱም ቀልድ አልነበረም፤ መልሰው ሲሰፉት ፊትና ጀርባውን አንድ ላይ ሰፍተውታል። ልጅ ሳለሁ ጥቁሩን ክር ከጥቁር ሰማያዊው ሳልለይ ባመጣ "ዓይንህን ለጎረቤት አውሰኸው ነው?" የሚሉኝ እርስዎ ነበሩ።

ክሩ ስለተራረፈ አይደለም። በቀን ብርሃን ብቻ የሚሰፉት መብራት ለመቆጠብ አይደለም። ካላንደሩም ሰፊ ስለሆነ አይደለም ፊደልዎ የሰፋው። ደብዳቤዎችዎን በተራ ደረደርኳቸው፤ ፊደሉ እየተለቀ፣ እየተለቀ መጥቶ የመጨረሻው ላይ መስመሩ ቁልቁል ወርዷል። ዓይንዎ እያየ አይደለም፣ እትዬ።

እኔም ልፍረድ። ሐኪም እስኪያይዎ ድረስ አንድ እራፊ አልልክም። ሥራዎ እንዳይቆም ግን ይሄን ይቀበሉኝ። የአሮጌ ኮፍያዬ ቁራጭ ላይ የተሰኩት መርፌዎች ሁሉም ክር ገብቶላቸዋል። ትምህርት ቤት ስሄድ አስገብቼልዎ እሄድ እንደነበረው መሆኑ ነው። ቀለሙን በጣትዎ እንዲለዩት ጫፉን ቋጥሬዋለሁ፤ አንድ ቋጠሮ ያለው ጥቁር፣ ሁለት ያለው ሰማያዊ፣ ሦስት ያለው ነጭ ነው። ክሩን ታች ያሉት ሴትዮ ከሳጥናቸው ሰጡኝ፤ አዲስ አልገዛሁም።

እባክዎ ይታከሙ።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 2 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ጉልበትህስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ዛሬ ስልህ እውነቴን ነው። ፊደሌ ማነሱን አየህ? የካላንደሩ ግማሽ በቃኝ፤ ግማሹን ቆርጬ ለሌላ ቀን አስቀመጥኩት።

ያልከው ሁሉ ልክ ነው። የዓይን ሞራ ነው አሉኝ። ያቆየኝ ፍርሃት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ልብስ ሰፊ ዓይኗ ላይ ስለት ሲያርፍ ማሰብ አልቻልኩም። አንተን "ሐኪም ጋ ሂድ" ብዬ ስፈርድብህ እኔ በዳበሳ ነበር የምሰፋው። መርፌዎችህ የደረሱ ቀን ባለ ሁለት ቋጠሮዋን በጣቴ ፈልጌ አገኘኋት፤ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ተነሥቼ ሾፌሩን "ሐኪም ቤት አድርሰኝ" አልኩት።

አንዱን ዓይን ገፈፉልኝ፣ ሌላውን በኋላ ይሉኛል። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጋውን ነው፤ የእጅጌዋ ዝምዝማት ተተርትሯል። ነገርኳት። ሐኪሙ ስቆ "እንግዲህ ድነዋል" አለኝ።

ቤት ገብቼ የሰፋሁትን ሳይ ወይ ጉድ አልኩ። ከአትክልት ሻጯ ከረጢቶች አንዱ ማንጠልጠያው ከታች በኩል ነው የተተከለው። እሷ ትንፍሽ ሳትል ዓመቱን ሙሉ አፉን ጨብጣ ቲማቲም ስትይዝበት ኖራለች። ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት "ይይዛል አይደል" አለችኝ። ቦዩም ክረምቱን እንደ ልቡ ሲፈስ ከረመ፤ ክፍሌ ጠብታ አልገባበትም።

ሱሪህ ተፈታለች፣ ግን በመንገደኛ አልልካትም። አረንጓዴ ክር ያለባትን የመጀመሪያዋን ይዘህ መጥተህ ይቺን ትወስዳታለህ። ያቺን ፈትቼ በወጉ ካልሰፋኋት እንቅልፍ አይወስደኝም። የተቀደደውን ላክ ስልህ ከረምኩ፣ አሁን የቀረኸው አንተ ነህ። ፕላን ባትስልም፣ ብታነክስም፣ ካርቶን ባትይዝም እንዳለህ ና። ታች ያሉት ሴትዮ በርሜሉን ይጠብቁልሃል።

የመርፌዎችህ ክር ከአንዷ በቀር አልቋል። አሁን ክር ራሴ አስገባለሁ፤ ትናንት በመጀመሪያ ሙከራዬ አስገባሁ። ያቺን አንዷን ግን ክሯን አውጥቼ መጋረጃው ላይ ሰክቻታለሁ። እሷን አንተ ታስገባልኛለህ። ጨርቄን ማቄን ሳትል ና።

አክስትህ